ሂፖካምፐስ ኮሜስ፦ ባለመስመር ጅራቱ የባሕር ፈረስ፣ አኗኗሩ፣ አረባቡና አቆጣጠሩ

ሰርጓጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ ስለ ባሕር ፈረስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ወንዱ ያረግዛል» ብሎ ያበቃል። የትኛው ዝርያ? የት የሚኖር? ከተደበቀበት የሚወጣው በስንት ሰዓት? ይህ አይነገርም። ከ40 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ የአንዱ ጠባይ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ይህን ክር በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ እናቆየው፤ እሱም ሂፖካምፐስ ኮሜስ ነው።

ለመነሻ ያህል፦ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ፊሊፒንስ፣ ቬትናም፣ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖር። በደንብ የተጠናው ግን በመካከለኛው ፊሊፒንስ፣ ከቦሆል ደሴት በስተ ሰሜን በሚገኘው ዳናሆን ባንክ በተባለው ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ድንጋያማ የባሕር ወለል) ላይ ነው። እዚያ ጃንዳያን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሃንዱሞን የተባለች የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለች፤ በ1995 (በዚህ ክር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ከፊቷ ያለውን ባሕር ከልላ ማጥመድ ከለከለች። ዝርያው ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር ባልዘለለ ጥልቀት ይኖራል፤ እስከ 20 ሜትርም ይገኛል። የተመዘገበው ትልቁ ቁመት 18.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ «ለጥፋት የተጋለጠ» ተብሎ ሰፍሯል።

እንድንነጋገርባቸው የምፈልጋቸው፦ ከሌሎቹ በምን ይለያል? ቀን ለምን አይታይም? ከረጢቱ ውስጥ በእርግጥ ምን ይካሄዳል? በገንዳ የሚያረቡትስ የት ላይ ይሳሳታሉ?

---

ቀለበት_ቆጣሪ

የመለየቱን ነገር እኔ ልጀምረው። በቀለም ለመለየት የሚሞክር ሁሉ ይሳሳታል። የባሕር ፈረስ እንዳለበት ቦታ ቀለሙን ይለውጣል፤ ቢጫ የነበረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቆር ሊል ይችላል። በጅራቱ ላይ የሚፈራረቁት ጥቁርና ቢጫ መስመሮች ጥሩ ፍንጭ ናቸው፤ ነገር ግን በጠቆረ እንስሳ ላይ ጨርሶ ላይታዩ ይችላሉ።

የማይለወጠው አጥንቱ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ሰውነቱን የሚሸፍኑት በቀለበት መልክ የተደረደሩ የአጥንት ሳህኖች ናቸው። ሂፖካምፐስ ኮሜስ በግንዱ ላይ 11፣ በጅራቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 35 ወይም 36 ቀለበት አለው (ከ34 እስከ 37 ይደርሳል)። የጀርባ ክንፉ 18 ገደማ ጨረር አለው። የግንዱ ቆጠራ የሚያልቀው ከፊንጢጣ ክንፍ በፊት ባለው ቀለበት ላይ ነው። በወንዱ ላይ ከረጢቱ ሆድ ሆዱን ስለሚሸፍነው ከጎን በኩል ያለውን ሸንተረር እየተከተሉ መቁጠር ይሻላል።

ከቀለበት ቁጥር ይልቅ ፈጥኖ የሚለየው ግን ፊቱ ነው። እነዚህን ተመልከቱ፦ በጉንጩ ላይ ጥንድ እሾህ፣ በአፍንጫው ላይ ጎልቶ የወጣ ሹል እሾህ፣ ቀጭን ቱቦ አፍ፣ በራሱ ላይ አምስት ጉብታ ያለው ዝቅተኛ ዘውድ። ብዙ ጊዜ ከዓይኑ ዙሪያ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች እንደ ጨረር ይወጣሉ።

የሚምታታው ከሁለት ጋር ነው። ሂፖካምፐስ ኩዳ አፉ ወፈር ያለ ነው፤ እሾሁ ተልጦ ጉብታ ብቻ ቀርቶለታል። እሱን በባሕር ሣርና በማንግሮቭ (በጨው ውሃ ዳር በሚበቅል ዛፍ) ዳር፣ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ድፍርስ ውሃ ፈልጉት። ሂፖካምፐስ ባርቡሪ ደግሞ እሾሁ በጣም የሾለና የበዛ ነው፤ በአፉ ላይም ተሻጋሪ መስመሮች አሉት። ኮሜስ በሁለቱ መካከል ነው ብላችሁ ያዙት።

---

ፊደል_ወዳጅ

አንድ የስም ጥያቄ። እንግሊዝኛው ስሙን ከታይገር (ባለመስመሩ የእስያ አውሬ) ጅራት ስለወሰደ በየቦታው «የነብር ጅራት» ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ። ለአማርኛ አንባቢ ነብር ማለት ባለነጥቡ ነው። ይህ እንስሳ ጅራቱ ላይ ያለው ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው። አንባቢ ነጥብ እየፈለገ መስመሩን አልፎት ይሄዳል። «ባለመስመር ጅራት» ብንለው አይሻልም?

---

ሰርጓጅ

ትክክል ነህ፤ የክሩን ርዕስ አስተካክዬዋለሁ። «የሜዳ አህያ ጅራት» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። ግን የሜዳ አህያ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ የያዘ ሌላ የአውስትራሊያ ዝርያ ስላለ እሱን ብንተወው ይሻላል።

---

ማዕበል

ወደ መኖሪያው ልግባ፤ የዚህ ዝርያ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሂፖካምፐስ ኮሜስ የሌሊት እንስሳ ነው። ብዙዎቹ የባሕር ፈረሶች ጎህ ሲቀድ ይነቃሉ፤ እሱ ግን ቀኑን በኮራል ስንጥቅና በቅርንጫፎች ሥር ተሸጉጦ ያሳልፋል። ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣና በቅርንጫፍ ኮራል፣ በስፖንጅ (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ በሚኖር እንስሳ) ወይም በአልጌ ላይ ጅራቱን ጠምጥሞ ያድናል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜው ሲጨምር ቤቱን ይለውጣል። ጫጩቶቹ ከተወለዱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ሳርጋሰም በሚባለው ቡናማ አልጌ ውስጥ ይሰፍራሉ። ሲያድጉ ወደ ኮራሉ ይሻገራሉ። ስለዚህ ኮራሉን ብቻ ያየ ሰው «እዚህ ቦታ ትንንሽ የለም፤ አይራባም» ብሎ ይደመድማል። ትንንሾቹ እኮ እዚያው ጎረቤት ባለው የሳርጋሰም ጫካ ውስጥ ናቸው! ሪፉን ከልሎ አልጌውን ለአጫጅ የሚተው ጥበቃም ግማሽ ጥበቃ ነው። ሳርጋሰም ለማዳበሪያና ለመኖ እየታጨደ ይሸጣል።

ሦስተኛ፣ ቦታውን አይለቅም። አዋቂው በትንሽ ክልል ውስጥ ይኖራል፤ ያንኑ እንስሳ በዚያው ኮራል ራስ ላይ ደጋግሞ ማግኘት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜም ከአንዲት ሴት ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ይህ ለጥናት ይመቻል፤ ለአጥማጅም እንደዚያው ይመቻል። አንዴ ያለበትን ያወቀ አጥማጅ ነገ ማታ ተመልሶ ይወስደዋል። ባዶ የሆነውን ቦታ ከሩቅ መጥቶ የሚሞላው ትልቅ እንስሳ የለም ማለት ይቻላል፤ ጫጩት ተንሳፎ እስኪደርስና እስኪያድግ መጠበቅ ነው።

---

ኮምፓስ

ማዕበል፣ በሌሊቱ ነገር እስማማለሁ፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የሌሊት ጠለቃ ውድ ነው፣ አደጋም አለው። ቀን በጥንቃቄ ቢቆጠርና የሚታየው ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑ ቢታወቅ፣ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር አይበቃም? ሁለቱም ላይ እኩል ይጎድላል።

---

ማዕበል

እኩል ቢጎድልማ ችግር አልነበረም። እኩል አይጎድልም። በደንብ የተጠበቀ ሪፍ ላይ ቅርንጫፍ ኮራል ይበዛል፣ ስንጥቁም ይበዛል፤ ስለዚህ ቀን ላይ የሚደበቀው ቁጥር ይጨምራል። በዲናማይትና በመልህቅ የተሰባበረ ሪፍ ሜዳ ሆኗል፤ ያለችው አንዲት እንስሳም ቢሆን መደበቂያ አጥታ ትታያለች። የቀን ቆጠራ ሁለቱን እኩል ሊያደርጋቸው፣ አንዳንዴም የተሰባበረው የተሻለ ነው ሊል ይችላል። በዚህ ቁጥር ተመርቶ «ክልከላው አልጠቀመም» ብሎ የሚወስን ቀበሌ ይኖራል። የምፈራው ይህን ነው።

---

ኮምፓስ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። እንግዲያው የሌሊቱን አሠራር ደረጃ በደረጃ የሚያስቀምጥልን አለ?

---

ሰርጓጅ

እሺ፣ ለጠላቂ ጥንዶች በሚስማማ መልክ፦

የቆጠራውን መስመር ቀን ላይ ዘርጉት። 50 ሜትር የሚረዝም ሜትሮ (መለኪያ ጥብጣብ) ወስዳችሁ በአንድ ጥልቀት ላይ ዘርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች በጂፒኤስ መዝግቡ፤ ከላይ ተንሳፋፊ ምልክት እሰሩ። በጨለማ ሜትሮ መዘርጋት ኮራል መስበር ነው። ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግቡ። እያንዳንዱ ጠላቂ ከሜትሮው በአንድ በኩል 1 ሜትር ስፋት ብቻ ይይዛል፤ በጠቅላላው 2 ሜትር በ50፣ 100 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ይህን ለመጨረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መስጠት ተገቢ ነው። በ15 ደቂቃ የጨረሰ ሰው የዋኘው እንጂ የፈለገው የለም።

ዓይናችሁን የምታሠለጥኑት ፈረስ ለመፈለግ አይደለም። ኮራሉ ላይ የተጠመጠመ ጅራትን ወይም ከሌላው ጋር አብሮ የማይወዛወዝ ነገርን ፈልጉ። ማዕበሉ ሁሉን ሲያወዛውዝ እሱ በጅራቱ ተቆልፎ በሌላ ምት ይንቀሳቀሳል። መብራቱን ቀጥታ ዓይኑ ላይ አታብሩ፤ የዓይን ቆብ የለውም፣ ፊቱን ያዞርና ይገባል። ከጎን አብሩለት።

ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚጻፈው፦ ሰዓት፣ ጥልቀት፣ የያዘው ነገር (የትኛው ዓይነት ኮራል፣ ስፖንጅ፣ አልጌ፣ ገመድ)፣ ጾታ፣ ከረጢቱ ሙሉ ወይስ ባዶ መሆኑ፣ ቁመት፣ ጥንዱ በምን ያህል ርቀት እንዳለች። «ኮራል ላይ» ብቻ ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ብዙ መስመሮች ዜሮ ይወጣሉ። ይህ ዝርያ ድሮውንም ተራርቆ፣ እዚህም እዚያም ተሰባስቦ የሚኖር ነው። ዜሮ የወጣበትን መስመር «ያልተሳካ» ብሎ መጣል ቆጠራውን ያበላሻል። አንድ ቦታ ላይ ከ3 መስመር ይልቅ 10 ቢሠራ ይመረጣል።

---

ዛጎል

ጾታውንና ቁመቱን ያለ ንክኪ መውሰድ ይቻላል?

---

ሰርጓጅ

ጾታውን አዎ። ወንዱ ከግንዱ በታች፣ ጅራቱ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ለስላሳ ከረጢት አለው። ሴቷ ላይ ግንዱ ጅራቱን የሚያገኝበት ቦታ ድንገት ይቆረጣል፤ ፊንጢጣ ክንፏም ይታያል። ከረጢቱ ገና ያልበቀለ ወጣት ወንድ ሴት ስለሚመስል፣ ትንሽ ከሆነ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ መገመት የጾታውን ሚዛን ወደ ሴት ያጋድለዋል።

ቁመት ማለት ከዘውዱ አናት እስከ ተዘረጋው ጅራት ጫፍ ነው። ጅራቱ ተጠምጥሞ ሳለ በዓይን መገመት ሁልጊዜ ያሳንሰዋል። የግድ መለካት ካለበት አንድ ሰው በእጁ መዳፍ ደግፎ፣ ጅራቱን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ፈትቶ፣ በፕላስቲክ ማስመሪያ አጠገብ ያደርገዋል። አትጎትቱት፤ የቆዳው መላጥ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ከውሃ በላይ አታውጡት፤ አየር ሊውጥ ይችላል። መልሳችሁም ያንኑ ኮራል አስይዙት፤ አንድ ሜትር ራቅ አድርጎ መልቀቅ ከጥንዱ መለየት ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ ሙሉ የሆነን ወንድ ግን ጨርሶ አትንኩ፤ ቁመቱን «አልተለካም» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

---

አምባዛ

አሁን ወደ ከረጢቱ። በአገራችን ሐይቆች ያለችው ቆሮሶም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። የባሕር ፈረሱ ከረጢት ከዚህ በምን ይለያል? «እርግዝና» የሚለው ቃል ማጋነን አይሆንም?

---

ማሕፀን_ጥናት

ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ልዩነቱም በደንብ ይታይበታል። ቆሮሶ ለእንቁላሎቿ መሸሸጊያና ንጹሕ ውሃ ትሰጣለች። እንቁላሉ ከአፏ ሥጋ ጋር አይጣበቅም፤ የሚመገበው የራሱን አስኳል ነው። ወንዱ የባሕር ፈረስ ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጥንዶቹ ጅራታቸውን አቆላልፈው፣ የአካላቸውን ቀለም እያደመቁ ይሽከረከራሉ፤ ወንዱ የከረጢቱን አፍ ከፍቶ ውሃ ያስገባበታል። ከዚያ ሆድ ለሆድ ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሴቷ የእንቁላል ቱቦዋን ወደ ከረጢቱ ከትታ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ታፈስሳለች። ያመለጠ እንቁላል ይወድቃል፣ ይጠፋል። የገንዳው ቁመት የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው፤ ወደ ላይ የሚወጡበት ውሃ ካጠረ ማፍሰሱ መሃል ላይ ይቋረጣል።

እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ሲፀነስ በከረጢቱ ግድግዳ ሥጋ ውስጥ ይሰምጣል። እያንዳንዱ ፅንስ የራሱ ጎድጓዳ ይሠራለታል፤ ዙሪያውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከቡታል። በዚህ በኩል ኦክስጅን ይገባል፣ ቆሻሻ ይወጣል። አባትየው የከረጢቱን ፈሳሽ የጨው መጠን ይቆጣጠራል፦ መጀመሪያ ከሰውነቱ ፈሳሽ ጋር የተቀራረበ ነው፤ መውለጃው ሲደርስ ወደ ባሕሩ ጨው ይጠጋል። ጫጩቱ ሲወጣ ድንገት ጨው አይመታውም። አስኳሉ ዋናው ስንቅ ቢሆንም ከአባትየው ስብና ካልሲየም እንደሚጨመር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህን ሁሉ አይቶ «እርግዝና» ማለት ማጋነን አይደለም።

ጊዜው እንደ ውሃው ሙቀት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወለዳሉ፤ ቁመታቸው 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ የሚወጡትም ሙሉ የባሕር ፈረስ መልክ ይዘው ነው። አባት ከዚያ በኋላ አያሳድግም።

በወሊዱ ላይ አንድ አስደሳች ነገር። አባትየው ሲወልድ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይንፈራገጣል። በ2022 በሌላ ትልቅ ዝርያ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው የከረጢቱ ግድግዳ እንደ እናት ማሕፀን የሚኮማተር ብዙ ለስላሳ ጡንቻ የለውም። ከረጢቱን የሚከፍቱት ከፊንጢጣ ክንፉ አጥንቶች ጋር የተያያዙ፣ በፈቃድ የሚታዘዙ ጡንቻዎች ናቸው። ሥራው ከእናት አጥቢዎች ማሕፀን ጋር ይመሳሰላል፤ መሣሪያው ግን ሌላ ነው።

---

አምባዛ

ተረድቻለሁ። ጥንዱ «እስከ ሞት» የሚባለውስ?

---

ማሕፀን_ጥናት

«እስከ ሞት» አልልም። ለረጅም ጊዜ አብረው ይቆያሉ፤ አንዱ ከጠፋ ሌላ ይፈለጋል። ጥቅሙ በጊዜ ነው፦ ወንዱ እርጉዝ ሳለ ሴቷ ቀጣዩን እንቁላል እያበሰለች ትጠብቃለች፤ እንደወለደ ወዲያው ትሰጠዋለች። አንዱ ሲጠመድ ሌላው አዲስ ጥንድ እስኪያገኝ፣ አዲሷም ዑደቷን እስክታስማማ ሳምንታት ይባክናሉ። አንድ እንስሳ መውሰድ የሁለት እንስሳት ወሊድ ማቋረጥ ነው።

---

ክሮሞዞም

ስለ ሰውነቱ አወቃቀር ጥቂት ልጨምር፤ ይህ ዝርያ በዘረመል ጥናትም ቦታ አለው። በታኅሣሥ 2016 (እንደ አውሮፓውያን) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የመጀመሪያው የባሕር ፈረስ ሙሉ ጂኖም የተነበበው ከአንድ ወንድ ሂፖካምፐስ ኮሜስ ነበር። ሦስት ነገር ልጥቀስ። ቲቢኤክስ4 የሚባለው ጂን ጠፍቶ ተገኘ፤ ያው ጂን በዚብራፊሽ (በላቦራቶሪ በሚጠና ትንሽ ዓሣ) ላይ ሲጠፋ የሆድ ሥር ክንፎች አይበቅሉም፣ የባሕር ፈረስም እነዚህ ክንፎች የሉትም። የጥርስ ኢናሜል ከሚሠሩት ጂኖች አንዳንዶቹም ጠፍተዋል፤ እንስሳው ጥርስ የለውም። በሌላ በኩል ፓትሪስታሲን የሚባሉት ጂኖች በዝተዋል፤ አንዳንዶቹ በወንዱ ከረጢት ውስጥ ይሠራሉ።

ጥርስ ብቻ ሳይሆን ጨጓራም የለውም። የዋጠው በአንጀቱ ፈጥኖ ያልፋል፤ ስለዚህ ሲያድን ይውላል፣ ይቅርታ፣ ሲያድን ያድራል ልበል። የሚያድነው በመምጠጥ ነው፦ ትንሽ ሽሪምፕ ሲጠጋ ራሱን ወደ ላይ ይወነጭፋል፣ ቱቦ አፉ ይደርሳል፣ ይመጥጣል፤ በሚሊሰከንዶች ያልቃል። ጅማቱ አስቀድሞ እንደ ቀስት ስለተወጠረ ነው ይህን ያህል የሚፈጥነው። ጅራቱ ደግሞ እንደ ሌላው እንስሳ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አራት ማዕዘኑ ሲጨመቅ ሳይሰበር ተንሸራቶ እንደሚመለስና ሲጨብጥም የበለጠ እንደሚይዝ አሳይቷል።

---

የገንዳ_ጠባቂ

በገንዳ ስለማቆየት ሰርጓጅ ላነሳው ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከሁሉ በፊት፦ ከባሕር የተያዘ አትግዙ። በገንዳ የተወለደ ብቻ፣ ከነ ሳይቲስ (የብርቅ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት) ወረቀቱ። ከባሕር የመጣው የሞተ ምግብ አያውቅም፤ በረሃብ ይሞታል።

ገንዳው ስፋት ሳይሆን ቁመት ይፈልጋል። ለአንድ ጥንድ 120 ሊትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር። እንስሳው ከመግባቱ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት አሞኒያን የሚያፈርሰው ባክቴሪያ እስኪረጋ ይሠራ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መድረስ አለባቸው። የጨው መጠን በሊትር ከ33 እስከ 35 ግራም፣ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.3። ፓምፑ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑ፤ ጅራቱን እዚያ ነው የሚቆርጠው። መያዣ ይሁነው ብላችሁ የሚናደፍ ኮራል ወይም አኔሞን አታስገቡ። የሞተ ቅርንጫፍ ኮራልና አልጌ ይበቃል።

ምግብ የቀዘቀዘ ማይሲስ ሽሪምፕ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ትልቁን ድርሻ መብራቱ ሲደበዝዝ ስጡት። የተረፈውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በቱቦ ምጠጡ። አርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር፣ ሽሪምፕ የሚመስል ጥቃቅን እንስሳ) ብቻ እየሰጡ ማኖር አይቻልም፤ ጠቃሚው ስብ ይጎድለዋል።

---

ዛጎል

የውሃውን ሙቀት ዘለልከው። እዚያ አገር ባሕሩ 28፣ 29 ዲግሪ ነው። ገንዳውንም እዚያው ላይ ማድረግ ነው የሚገባው፣ አይደለም?

---

የገንዳ_ጠባቂ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥሩ አደረግሽ። ገንዳውን 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ያዢው። ባሕሩ ላይ 28 የሚችለው ውሃው ወሰን ስለሌለውና ቆሻሻው ስለማይጠራቀም ነው። ገንዳ ውስጥ የምግብ ፍርፋሪ አለ፤ ቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከ26 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ይባዛሉ። የሚታየው ምልክት የአፉ ጫፍ መንጣትና መበስበስ፣ የጅራት ቁስል፣ መተንፈስ መፍጠን ነው። ሙቀቱን አንዴ አትጣዪው፤ በቀን ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ አውርጂው።

ሌላው የተለመደ ችግር የወንዱ ከረጢት በአየር መነፋት ነው፤ ጅራቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መውረድ ያቅተዋል። ብዙዎች በመርፌ ይወጉታል፤ ፈጽሞ እንዳታደርጊው። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጊ፦ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ያለ የላላ ቱቦ አየር ይስብና ግፊቱ በውሃው ውስጥ ያሟሟዋል፤ ውሃው ከመጠን በላይ ጋዝ ይይዛል። መጋጠሚያዎቹን አጥብቂ፣ የውሃውን ፊት በደንብ አንቀሳቅሺ። አየሩን ማስወጣትና መድኃኒት መስጠት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

---

ጫጩት_አሳዳጊ

ስለ ጫጩቶቹ እኔ ልቀጥል፤ አብዛኛው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው።

ሁሉንም ለማሳደግ አትሞክሩ። በሊትር ከ3 ባይበልጡ ይሻላል። ገንዳው ክብ ወይም ውሃው በዝግታ የሚዞርበት ይሁን፤ ማዕዘን ካለው እዚያ ተጨናንቀው በጅራታቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ።

በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ መብላት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ምግቡ ከወሊዱ በፊት መዘጋጀት አለበት። የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ኮፔፖድ (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን እንስሳ) ቢያገኙ የተሻለ ምግብ የለም። አርቴሚያ ለመፈልፈል፦ በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው፣ 2 ግራም እንቁላል፣ 28 ዲግሪ፣ ጠንካራ አየርና መብራት፣ 24 ሰዓት። ቅርፊቱን በደንብ ለዩ፤ ጫጩቱ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋል። ከዚያ አርቴሚያውን ለ12 ሰዓት በስብ አበልጽጉት። ይህን የሚዘልል ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ይበላሉ ግን ይሞታሉ» ብሎ ይመጣል።

እዚህ ጋር የተደበቀ ወጥመድ አለ። ማበልጸጊያው ዘይት ነው። አርቴሚያው ሳይታጠብ ከገባ ዘይቱ በውሃው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ጫጩቱ የመንሳፈፊያ ፊኛውን ለመሙላት በመጀመሪያው ቀን ወደ ላይ መድረስ አለበት፤ ሽፋኑ ይከለክለዋል። በጥሩ ወንፊት፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ አየር ውጠው ላይ መንሳፈፋቸው ነው። ብርሃን ይስባቸዋል፤ ምግባቸውም ብርሃን ይስበዋል። መብራቱ ከላይ ሲጠነክር ሁሉም የውሃው ፊት ላይ ተሰብስቦ ከምግቡ ጋር አየር ይውጣል። የገንዳውን ጎኖች የላይኛውን ክፍል በጥቁር ላስቲክ ሸፍናችሁ ብርሃኑ በታች ጎን በኩል እንዲገባ አድርጉ፤ ምግቡም ፈረሱም ይወርዳል።

---

ኮምፓስ

አንድ የቀረ አለ፤ ሕጉና አጠማመዱ።

---

ማዕበል

ዳናሆን ላይ የሚጠመደው በሌሊት ነው። አጥማጁ ባንካ በምትባለዋ ክንፍ ያላት ታንኳ አፍንጫ ላይ ማሾ ይሰቅላል፤ እሱ በመነጽር ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ በእጁ ይለቅማል። የሞተው ደርቆ ለቻይና ባሕላዊ መድኃኒት፣ ሕያው የሆነው ለገንዳ ይሸጣል። በሌላ በኩል በሌሎች አገሮች አብዛኛው የባሕር ፈረስ የሚሞተው ሽሪምፕ በሚጎትት መረብ ተጠልፎ ነው።

ሁሉም የባሕር ፈረሶች በ2002 በሳይቲስ ሁለተኛው ሠንጠረዥ (ንግዱ በፈቃድ በሚካሄድበት) ገቡ፤ በግንቦት 2004 ሥራ ላይ ዋለ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን)። ከአገር ለሚወጡት የተመከረው ዝቅተኛ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ፊሊፒንስ ግን የ1998 የዓሣ ሀብት ሕጓ በሳይቲስ የተመዘገበን ይከለክል ስለነበር ከ2004 በኋላ ማጥመዱ ጭራሽ ሕገ ወጥ ሆነ። ክልከላው ንግዱን አላቆመውም፤ ከዚህ ቀደም በግልጽ ይቆጠር የነበረውን ወደ ድብቅ ገፋው፤ ምን ያህል እንደሚያዝ ማወቅም ከበደ። ቁመትን ተመርኩዞ በግልጽ ማስተዳደር ይሻል ነበር የሚለው ሐሳብ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ቁመት ብቻውን እንደማይበቃ ማሕፀን_ጥናት ቀደም ብሎ የጻፈው ያሳያል፤ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፣ ከረጢቱ ግን 300 ፅንስ ይዞ ይሆናል።

---

ሰርጓጅ

ከቆጠራው ጋር የሚያያዝ አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። ሳርጋሰም ወቅት አለው፤ ይበቅላል፣ ይረዝማል፣ ተነቅሎ ይሄዳል። ወጣቶቹን የምትቆጥሩበት መስመር በየዓመቱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተሠራ የምትለኩት የአልጌውን ወቅት ነው። የኮራሉንም የአልጌውንም መስመር በአንድ ሳምንት ጨርሱ፤ ሉሁ ላይም የሳርጋሰሙን ቁመት በየ10 ሜትሩ በሴንቲ ሜትር ጻፉ።

---

ኮምፓስ

ጥንዱ ካልታየችስ?

---

ሰርጓጅ

ከወንዱ ዙሪያ እስከ 2 ሜትር ድረስ፣ በተለይ ከሥር በኩል ያሉትን ስንጥቆች፣ 3 ደቂቃ ፈልጉ። ካልተገኘች «አልታየችም» ተብሎ ይጻፍ፤ «የለችም» አትበሉ። በማግስቱ ማታ ያንኑ ኮራል ደግማችሁ እዩት።